ጣሪያውን የት እንብሳው?

አርባ ምንጭ ተቀምጦ ብርሃን አነሰኝ የሚል ሰው ያስቃል። እዚህ ፀሐይ ከጠዋት ጀምራ ግንባር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ዓይኑን አጨናብሶ፣ ግንብ ለግንብ ጥላ እየፈለገ ነው የሚሄደው። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ፀሐይ አምልጠን ቤታችን ስንገባ ነጠላ ጫማችንን በስልክ መብራት ነበር የምንፈልገው።

ጥፋቱ የቤቱ አይደለም። ሴቻ ሰፈር ስንገዛው ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፤ መስኮትም ነበረው። ከዚያ ከፊት ሳሎን ጨመርን፤ ከኋላ ማድ ቤት ቀጠልን፤ በቀኝ በኩል ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች አስጠጋን። በግራ በኩል ደግሞ ጎረቤታችን አጥሩን ታካ ሠራች። አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር አንድ መስኮት ይደፈናል፤ ቤታችን ሰፋ እያልን ደስ ብሎን ነበር የምንደፍነው። በመጨረሻ መሃል ላይ የቀሩት ክፍሎች በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚበራባቸው ሆኑ። መብራት የጠፋ ቀን ኮሪደሩ ላይ እንዳንጋጭ እየተጠራራን ነበር የምንተላለፈው።

የሳሎኑ መስኮት እንኳ ሰፊ ነው። ሰፊ ስለሆነም ድርብ መጋረጃ አለው፤ ከውስጥ ስሱ፣ ከላዩ ወፍራሙ። መጋረጃው የሚከፈተው ሊታጠብ ሲወርድ ብቻ ነበር፤ ሶፋው እንዳይለቅ፣ ምንጣፉ እንዳይደበዝዝ፣ መንገደኛ አሻግሮ እንዳያይ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከእናቴ አልወረስኩትም፤ ደጋው ላይ፣ ኦቾሎ ሳድግ ሶፋም መጋረጃም አልነበረንም። ከተማ ገብቼ፣ ሰው ቤት አይቼ፣ የሳሎን ወጉ ይሄ ነው ብዬ የተማርኩት ነው። የተማርኩትን ደግሞ አልለቅም።

ባሌ ጎጃሜ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሮ በቅርቡ ጡረታ ወጣ። እኔ የኦቾሎ ጋሞ ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። የእሱ ዘመዶች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው የተረትና ምሳሌ ትርጉም ይጠይቁኛል። ባሌ ዝምተኛ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ለእሱ ነው። የእኔ ወሬ ለሁለታችንም ይበቃል።

ወደ አባቴ ልምጣ፤ የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ እሱ ነውና።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከኦቾሎ ያወረድነው በግድ ነው። የደጋው ብርድ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ፤ እሳት የሚያነድለት ጎረቤት ነበር። ሐኪሙም ቆላ ይውረድ፣ ብርድ አይንካው፣ ብቻውን አይደር አለ። ቆላ ማለት ደግሞ እኛ ነን። ወረደ፤ ወር ሳይሞላው ሳሉ ለቀቀው። ግን እንደ እሱ አባባል የወረደው ለጥየቃ ነው። ከረመ፣ ከራርሞም ለጠየቀው ሁሉ መልሱ ያችው ነበረች፤ «ልጄን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

የሀገሬ ሰው ይህ ይገባዋል። አባት በወንድ ልጁ ቤት ይጦራል። በሴት ልጁ ቤት ግን ይጋበዛል እንጂ አይኖርም፤ ቤቱ የአማቹ ነዋ። አባቴ ወንድ ልጅ የለውም። ስለዚህ እኛ ቤት የሚኖረው እንግዳ ሆኖ ነበር። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ሳሎን ይገባና ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊሄድ እንዳለ ሰው ይቀመጣል። ምግብ ሲቀርብለት «ምነው ተቸገራችሁ» ይላል። ኩርኩፋ ሠርቼለት እንኳ፣ ያደገበትን የበቆሎ ዱቄትና የሃላኮ፣ የሽፈራው ቅጠል ምግብ፣ ሦስት ጊዜ ካልለመንኩት እጁን አይሰድም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባሌ ከውጭ ሲገባ «ኖር» ብሎ ብድግ ማለቱ ነው። ባሌ በዕድሜ ልጁ ነው። ሽማግሌ ሲነሳለት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድዳል። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ኧረ አባባ ይቀመጡ» እያለ ትከሻውን ይዞ ያስቀምጠዋል። ሲጋራ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስም ያው ነው። እንዲያውም ሲጋራ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አባቴ እንግድነቱን የሚረሳው ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሸማኔ ነው። ሲወርድ ከልብሱ በፊት ያስጫነው የሽመና ዕቃውን ነበር። የእኛ ሀገር ሸማኔ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ድሩ ከፊቱ በረጅሙ ይወጠራል። ጓሮ ከማንጎው ሥር ጉድጓድ ቆፈረና ሥራ ጀመረ። እዚያ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ነው። ያንጎራጉራል፣ ያላፊ አግዳሚውን ሰላምታ ይመልሳል፣ ጦጣ ይሳደባል። ጦጣዎቹ ከታች ከደኑ ማንጎ ፍለጋ ይመጣሉ። አንድ ቀን አንዷ ልቃቂቱን ይዛበት ጣሪያ ላይ ወጣችና አባቴ ከነዘር ማንዘሯ በጋሞኛ ሲረግማት ሰፈር ሰማ። እኔ ማድ ቤት ሆኜ በሳቅ ልሞት ነበር። ደስም አለኝ። ሰው በእንግድነት ቤት እንዲህ አይጮህማ ብዬ፣ ቤቱን የለመደው መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው «ዝናቡ ሲገባ ወደ ላይ እወጣለሁ» ያለኝ።

ምክንያት አላጣም። ድር እርጥበት አይወድም፤ ዝናብ ሲጥል ከማንጎው ሥር መሥራት አይቻልም። ኦቾሎ ያለው ቤቱ ውስጥ ግን በሩ አጠገብ ጉድጓዱ አለ፤ አባያ ሐይቅን ቁልቁል እያየ በበሩ ብርሃን ይሠራል። «እዚህ እጄን አጣጥፌ በሰው ቤት ምን እሠራለሁ?» አለ። በሰው ቤት ማለቱ እንደ እሾህ ወጋኝ። ከዚያ ደግሞ ያ ጭጋግ፣ ያ ብርድ፣ ብቻውን የሚያድርበት ያ ቤት በዓይኔ መጣ። በዚህ ዕድሜው፣ በዚያ ደረቱ፣ ዝናቡን እዚያ ላይ ከከረመ በእግሩ አይወርድም ብዬ ፈራሁ። ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ዝም አለ። ብዙ ጊዜ ዝም ሲል እያሰበ ነው፤ አንዳንዴ ግን ዝም ብሎ ዝም ብሎ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም መለየት አልቻልኩም።

የፀሐይ ቧንቧዎቹ የመጡት ያኔ ነው።

የባሌ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው የሚሠራው። እዚያ ንድፍ ተቀይሮ የተረፉ ናቸው ብሎ ሁለት ካርቶን በአውቶቡስ ላከልን። ስንከፍተው እንደ ጭስ ማውጫ ያለ ወፍራም ቧንቧ ነው፤ ሆዱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። አንዱ ጫፉ ከጣሪያው በላይ ይወጣል፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተደፋ ግልጽ ክዳን አለው። ሌላኛው ጫፉ ኮርኒሱ ላይ ይገጠማል፣ ነጭ ክዳን አለው። ፀሐይ ከላይ ትገባለች፣ በመስተዋቱ እየተንሸራተተች ትወርዳለች፣ ከታች ብርሃን ሆና ትወጣለች። መብራት ኃይል አያስፈልገውም። ባሌ አገላብጦ ካየው በኋላ በዚያ ሳምንት የተናገረውን ሁሉ የሚያህል ንግግር አደረገ፤ ስለ ብርሃን ነጸብራቅ ነበር፤ ግማሹ ገባኝ።

ችግሩ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። የጨለመው ቦታ ብዙ ነው፤ ጣሪያ ደግሞ አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው።

ባሌ ነገሩን በጥናት ያዘው። በርጩማና ጋዜጣ ይዞ በየጨለማው ቦታ እየሄደ ይቀመጣል፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ይሞክራል፤ ማንበብ ካቃተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ልብስ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ሽንት ቤትም ተቀመጠ፤ እዚያ ጋዜጣ ይዞ መቀመጡ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ቤቱ በሙሉ ምልክት በምልክት ሆነ። እሱ በኮሪደሩና በመታጠቢያ ቤቱ ጸና፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው አለ። እኔ ማድ ቤት አልኩ። የሰው ልጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ እየቆጠርኩ ተከራከርኩ።

ቧንቧዎቹ በካርቶናቸው አልጋ ሥር ተኙ። ሳምንቱ አለቀ፣ ሌላው ተተካ፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። በዚህ መሃል ያችው የግራ ጎረቤታችን መጣች። ባሏ በሥራ ተዛውሮ ከጎንደር ያመጣት፣ እሱ ከሞተ በኋላም እዚሁ የቀረች፣ እኔ እትዬ የምላት ሴት ናት። በኮሪደሩ ክርክራችንን ሰምታ አዘነችልን።

«እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ? ሳሎን ነዋ!» አለች። «እንግዳ የማያየው ብርሃን ምን ይሠራል? ማድ ቤት ልትሰቅዪው ነው? ለድስት?»

«ሳሎን እኮ መስኮት አለው እትዬ» አልኳት።

«መስኮቱማ መጋረጃ አለበት» አለች።

እኔ ግን በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር። አንዱን ቧንቧ አባቴ ክፍል ማድረግ። የእሱ ክፍል ያ መስኮቱ የተደፈነው የመሃሉ ክፍል ነው። ብርሃን ካገኘ ምናልባት ዝናቡን ይቀመጥ ይሆናል አልኩ። ክፍሉ አልጋውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ድር የሚወጠርበት ቦታ እንደሌለው አላጣሁትም፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የማይሆነውንም ይሞክራል። አንድ ቀን ከሰዓት ማንጎው ሥር ሄጄ፣ ነገሩን እንደ ዋዛ አድርጌ አነሳሁት።

አባቴ መወርወሪያውን አቆመ። «የእኔን ክፍል?» አለ። «ልጄ፣ ለመኝታ ጨለማ ነው ደግ።»

«ታዲያ ቀን ቀን...»

«ለእኔ ብላችሁ የሰውየውን ጣሪያ ከበሳችሁ፣ በዚያው ቀን እወጣለሁ። ዝናቡንም አልጠብቅ።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእንግዳ መቀመጫው አድርጉት። ቤት የሚከበረው በዚያ ነው።»

ይሉኝታ የሚሉት ነገር ቢታረድ ለዓመት በዓል የሚበቃ ሥጋ ይወጣዋል። አባቴ ላይ ያለው ደግሞ ሰንጋ ነው። ተናድጄ ተመለስኩ። ለአባትም ለእትዬም ለእንግዳም ይሁንላቸው ብዬ አንዱን ለሳሎን፣ አንዱን ለማድ ቤት ወሰንኩ። ባሌ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። ክርክሩ ስላለቀለት ይመስለኛል ደስ ያለው።

ጣሪያ ሠሪው መጥቶ ቆርቆሮውን ቆረጠ፤ ኮርኒሱን በሳ፤ ዙሪያውን ውሃ እንዳያስገባ ደፈነ። ከቀትር በኋላ የሳሎኑ ነጭ ክዳን ሲገጠም ሁላችንም ቆመን እናይ ነበር። ብርሃኑ ወረደ። ምንጣፉ መሃል ላይ እንደ ትልቅ ሰፌድ ክብ ሆኖ ተቀመጠ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፤ ሳሎኑ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። እትዬ በእጇ አፏን ይዛ ገነት ይመስላል አለች። አባቴ ጥግ ቆሞ ወደ ላይ ወደ ታች አየና «ጥሩ ናት» አለ። ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ማንጎው ወጣ።

በማግስቱ ያ ክብ ብርሃን አሳሰበኝ። ምንጣፉ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ቢደበዝዝስ? ጠረጴዛውን ጎትቼ ክቡ ላይ አደረግኩ። ጠረጴዛው እንዳይሰነጠቅ ላስቲክ አለበስኩት። ሶፋው ላይ አንሶላ ዘረጋሁ። ኮርኒሱን ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ ነጩ ክዳን ባዶውን ሲታይ አላማረኝም፤ ልጅ እያለሁ የሠራሁት ዳንቴል ነበረኝ፤ በክር ከሥሩ ሰቀልኩለት። እትዬ መጥታ አሁን ገና ሳሎን ሆነ አለች። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ትኩር ብሎ አየ።

«ፀሐይን ከሰማይ ድረስ አውርደን ነጠላ አለበስናት» አለ።

የማድ ቤቱ ቧንቧ ግን አዋረደኝ። ብርሃኑ እንደገባ የግድግዳውን ጥላሸት፣ የመደርደሪያውን ቅባት፣ ከምድጃው ኋላ የወደቀውን ሁሉ አሳየኝ። ንጹሕ ነኝ ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሴት ቅዳሜና እሑድን በሳሙና ጨረስኩ። ብርሃን የለም ስንል ለካ ብዙ ነገር ተሸፍኖልን ነበር።

ሚያዝያ ሲቃረብ ደመናው ከሐይቁ በላይ መከመር ጀመረ። ማታ ማታ ንፋሱ ማንጎውን እያወዛወዘ ጥሬውን ያረግፈዋል። አባቴ የሽመናውን እንጨቶች አንድ በአንድ ፈትቶ በገመድ ማሰር ጀመረ። የጀመረውን ጋቢ እንኳ አልጨረሰም፤ ላይ እጨርሰዋለሁ አለ። ቅዳሜ ከገበያ የሚመለስ መኪና እንደሚወጣ አጣርቷል። ለመንኩት። አለቀስኩበት። ደረትህ አልኩት፣ ሐኪሙ አልኩት፣ ሌሊት ሲያስልህ ማን ውሃ ያቀብልሃል አልኩት። ፀጉሬን ዳበስ አድርጎ «እንግዳ የሚከበረው መሄጃውን ሲያውቅ ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ ባሌንም ቤቱንም ባህሉንም አንድ ላይ ጠላሁ። ባሌ ምንም አላጠፋም፤ ግን ቅርብ የነበረው እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ከትምህርት ቤት ደብተር የተሸከምኩበትን ቦርሳ ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ እየሮጥኩ ገባሁ። መብራት ጠፍቷል። በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሰው አያነጋግርም። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ወደ ሳሎን ስገባ አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ክር ነው።

አባቴ ምንጣፉ መሃል ተቀምጧል። ጠረጴዛዬን ገፋ አድርጎታል። ዳንቴሌን አውርዶ፣ አራት ማዕዘን አጥፎ ሶፋው ላይ አስቀምጦታል። ከጓሮ ያመጣው ድር እንዳይበሰብስበት አንዱን ጫፍ ከሶፋው እግር፣ ሌላውን ከቡፌው እግር አስሮ ከዳር እስከ ዳር ወጥሮታል፤ የተላላፈውን ክር እየለየ ለመንገድ ሊጠቀልለው። ሰማዩ ደመና ነው፤ ግን ከዚያ ቧንቧ የሚወርደው ብርሃን ልክ ጣቶቹ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ክር ይታያል። ያንጎራጉራል። ያንን ዜማ ከማንጎው ሥር ሌላ የትም ሲያዜመው አልሰማሁም።

ቀና ሲል አየኝ። ደንግጦ ብድግ አለ። «ኖር» አለኝ።

ለእኔ። ለገዛ ልጁ። «ውጭ ዘንቦ ነው፤ አሁን አነሳዋለሁ፤ ዳንቴልሽን አልጎዳሁትም» ይላል፤ እየተጣደፈ ቋጠሮውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ተወው አባዬ ልል ብዬ በሩ ላይ እንደቆምኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

ባሌ ከኋላዬ ደረሰ፤ ውሃ ያንጠባጥባል። አባቴን አየ፣ ክሩን አየ፣ ኮርኒሱን አየ። ከሶፋው እስከ ቡፌው በእርምጃ ለካ፤ ክሩን እንዳይነካ እግሩን እንደ ሽመላ ከፍ እያደረገ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወጣ። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ዝም ያለ መስሎኝ ተናደድኩ። ሲመለስ መዶሻና መሮ ይዟል።

«አባባ» አለ፤ ዝናቡን ለመብለጥ እየጮኸ፤ «እርስዎ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ ይላሉ አይደል?»

«ነኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«እንግዳ የት ነው የሚቀመጠው?»

አባቴ ዞር ዞር ብሎ ሶፋዎቹን አየ። «እዚህ» አለ፤ «ሳሎን።»

«ይህ ብርሃንስ ለማን ነው የገባው? እርስዎ ራስዎ ለማን አድርጉት አሉ?»

አባቴ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። እኔ ማልቀሴን አቆምኩ።

«እንግዲያው እንግዳው የሚቀመጥበትን ላበጅ» አለና ምንጣፉን ይጠቀልል ገባ። ለአፍታ ያችው የመጋረጃ ሕግ አውጪ ተነሳችብኝ፤ የዚያ ወለል ሲሚንቶ ልስላሴ ለሰፈሩ ምሳሌ ነበር። ቦርሳዬን ጣልኩና የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዝኩ። ባሌ ክቡ ብርሃን መሃል ተንበርክኮ መሮውን አቆመ፤ መዶሻውን አነሳ። ፊዚክስ አስተማሪ ሲሚንቶ ሲፈልጥ ማየት ያሳዝናል። ሁለቴ ጣቱን መታ። አባቴ ሊከለክለው ሁለት ጊዜ እጁን ዘረጋ፤ ሁለት ጊዜም መለሰው። ኋላ ሶፋው ላይ፣ ጫፉ ላይ ሳይሆን ደገፍ ብሎ ተቀመጠና ሲያይ ቆየ።

ጩኸቱን ሰምታ እትዬ ጃንጥላ ይዛ መጣች። ቤት ልናፈርስ ነው ብላ ነበር። አፈሩን ስታይ ጃንጥላዋን እንደዘረጋች ጉድጓዱ ዳር መጣች።

«ሳሎን ውስጥ ጉድጓድ?» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ምን ልትሉ ነው?»

«እንግዳው ነው ያስቆፈረው» አለ ባሌ፤ መዶሻውን ሳያቆም።

ያኔ ከሶፋው ላይ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ከጉልበት አይብለጥ» አለ። «እግሬ አጭር ነው።»

ቅዳሜ የገበያው መኪና ወጣ። አባቴ የታሰሩትን እንጨቶች ፈትቶ ሳሎን ሲተክል ዋለ። እኔም መጋረጃዬን በሁለት በኩል ሰብስቤ አሰርኩት፤ ለአንድ ቀን ብዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው። ሶፋዎቹ ግድግዳ ተጠግተዋል፤ ጠረጴዛው ኮሪደር ወጥቷል፤ እሱ የቆመበት ባሌ ምልክት ያደረገበት ጨለማ ቦታ ስለሆነ ሁላችንም ተራ በተራ ቅልጥማችንን መትቶናል። ዳንቴሉን አባቴ ልቃቂቶቹን ከአቧራ ይሸፍንበታል። የጀመረውን ጋቢ ጨረሰ፤ ሌላ ጀመረ። ሳል የለም። ባሌ ሲገባ ግን አሁንም ለመነሳት ይሞክራል፤ ከጉድጓዱ ለመውጣት ጊዜ ስለሚወስድበት ባሌ አልፎ ኮሪደሩ ይደርሳል።

ዝናቡ ሳያልቅ የባሌ ወንድም፣ ቧንቧዎቹን የላከው፣ ሥራ አጋጥሞት ወደ እኛ ወረደ። እኔና ባሌ ማድ ቤት ነበርን፤ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሱ ቧንቧው ሥር ቆሞ ጋዜጣ ያነባል። በሩ ተንኳኳ። አንገቴን ብቅ አድርጌ አየሁ። የባሌ ወንድም ቦርሳውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ የላከው ዕቃ ያደረገውን እያየ፣ በዚያ ሁሉ ክር መሃል እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ግራ ገብቶታል። አባቴ ብርሃኑ ሥር ነው። «ኖር» ሲል ለመስማት ጠበቅሁ። እስከዚያ ቀን ለማንም ለመነሳት ሳይሞክር ቀርቶ አያውቅማ።

መወርወሪያው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። አባቴ አልተነሳም።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አለው በአማርኛ። «ድሩን ተሻገርና እዚያ ተቀመጥ። አልነሳልህም፤ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ዞሮ፣ ጦጣዋን በረገመባት በዚያችው ድምፅ፣ በጋሞኛ ተጣራ።

«አንቺ ልጅ! እንግዳ መጥቶልናል፣ ምነው ዝም አላችሁ? የሚበላ አምጪ እንጂ!»

ባሌ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ጋሞኛ ብዙም አይሰማም፤ ይህችን ግን ሰምቷታል። እኔ ሳህን ላወርድ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። ማድ ቤቱ ጥርት ያለ ብርሃን ነበር፤ ሳህኖቹ ግን አልታይ አሉኝ።